እልል ያልኩት እኔ፣ የተባረረችው እሷ

በደሉ ይጻፍልኝ። የልጅ ልጄ መክሊት ከአምስት ሴት ልጆች ማኅበር ተባርራለች። ሳትጠየቅ፣ ቃሏ ሳይሰማ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሳትባል። ጥፋቷ ምንድን ነው ብትሉ፣ ባሕር ማዶ ኮሪያ በሚባል አገር አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ አንዲት ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ወደደ፤ እዚህ ፍኖተ ሰላም ደግሞ መክሊት እልል አለች። ይኸው ነው። የሚጨመር ነገር ካለ እልልታውን የጀመርኩት እኔ መሆኔ ብቻ ነው። እሱንም አልደብቅም፣ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዙ አላነብም፤ የጻፍኩትንም መልሼ አልሰርዝም። ፍርድ ሲጓደል ግን እህል አይወርድልኝም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሴት፣ ሁለት ዶሮዎች ቢጣሉ ምስክር ትጠሪያለሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ጠርቼ አውቃለሁ። ጥፋተኛዋ ቀይዋ ዶሮ ነበረች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የመክሊት ወላጆች ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር የሚያርሱ ናቸው። እሷ ለትምህርት ብላ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት፤ አሁን አሥረኛ ደርሳለች። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ሶስና አለች። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር የተቀመጡ፣ አንዷን ኩፍኝ ሲይዛት ሌላዋን በማግስቱ የያዛት ልጆች ናቸው። ዓምና ሌሎች ሦስት ጓደኞች ጨምረው ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ የጻድቅ ስም የለውም፤ ዝክርም የለውም። በየቅዳሜው ከቤት ቤት በተራ እየዞሩ የአምስት ኮሪያውያን ወንዶችን ዘፈን በስልክ ያያሉ፣ ጭፈራውን ያጠናሉ፣ ቆሎ ይበላሉ። ከነገሩ ሁሉ የእኛ የምለው ቆሎውን ብቻ ነው።

ተራው እኔ ቤት ሲደርስ ዘፋኞቹን አየኋቸው። መልካም ልጆች ናቸው፤ ፊታቸው የታጠበ፣ ወገባቸው የሚታዘዝ። ጠጉራቸው ግን ኧረ ጉድ! አንዱ እንደ ኑግ አበባ ቢጫ ነው። አንዱ የደረቀ በርበሬ ይመስላል። አንዱ ደግሞ በሃያ ምናምን ዓመቱ ድፍን ነጭ። «ይህ ልጅ ምን መከራ አይቶ ነው እንዲህ የሸበተው?» ብዬ ብጠይቅ ልጃገረዶቹ ወለል ላይ ተንከባለሉ። ስሙን ነግረውኛል፤ ለምላሴ አልመች ቢለኝ ሽበቶ አልኩት። ዛሬም ሽበቶ ነው።

ጣጣው የተጠነሰሰው በዚያው ቅዳሜ ነው። ሽበቶን «የእኔ ነው!»፣ «የለም የእኔ ነው!» እየተባባሉ ተነታረኩ። አምስት ሴት አለ፣ አምስት ወንድ አለ፤ አራቱ ሴቶች የሚፈልጉት ግን አንዱን ብቻ። እኔ ቁጭ ብዬ በቤቴ ግፍ ሊሠራ? «ዝም በሉ! በእጣ ነው!» አልኩ።

ቅርጫ ያየ ሰው ይገባዋል። በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲደለደል፣ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው እጣ ነው። እኔም የአምስቱን ዘፋኞች ፎቶግራፍ ሰሌን ላይ ደረደርኩ፤ አምስት መደብ። እያንዳንዷ የራሷን ምልክት ሰጠችኝ። አንዷ ቁልፍ፣ አንዷ የባቄላ ፍሬ፣ አንዷ ጠጠር፣ መክሊት የእርሳስ ጉማጅ፣ ሶስና የጠጉር ማስያዣ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በመዳፌ አሸሁና ሳላይ አንድ በአንድ ጣል ጣል አደረግሁ። ሽበቶ ላይ የሶስና የጠጉር ማስያዣ አረፈ። ለመክሊት ባለ ኑግ አበባው ደረሳት። አጠር ይላል፣ ግን ሥራ ወዳድ ይመስላል። ማንም አልተቃወመም፤ ማንስ ደፍሮ። ሁሉም የደረሳቸውን ልጅ ፎቶግራፍ በላስቲክ አስለብጠው በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። የማኅበሩ ምልክት እሱ ሆነ። እንግዲህ ሽበቶን ለሶስና የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ያ ክፉ ቀን የመጣው በኅዳር፣ በርበሬ በየደጁ በሚሰጣበት ወራት ነው። ኔትወርክ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ ንጋት ላይ መጣ። ጎህ ሲቀድ ከሶስና ቤት «ወየው! ወየው ጉዴ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

እዚህ አገር ያደገ ሰው ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ምን እንደሆነ ማንንም አይጠይቅም። መርዶ ነው። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። የሶስና አባት ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ከወጣ ሳምንቱ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ የግራ ጫማዬን በቀኝ አድርጌ ወጣሁ። መክሊትን «ተነሽ! የትናንቱን ንፍሮ አሙቂና ተከተይኝ» አልኳት።

የለቅሶ ቤት ሥርዓት አለው። ገብታችሁ «ማን ሞተ?» አትሉም። ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል። አልቅሳችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ሲወጣላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ምክንያቱ ቆይቶም ይሰማል፤ ያዘነው ሰው ግን ለአንዲት ደቂቃም ብቻውን ማልቀስ የለበትም። እኔ ይህን ሥርዓት ከእናቴ ተቀብዬ ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ።

ገባሁ። ሶስና ፍራሽ ላይ ተደፍታለች። ሦስቱ ልጆች እንዴት እንደ ደረሱ እንጃ፣ ከበው ያለቅሳሉ። እናቷ የለችም፤ ኪዳን ሄዳለች። «ምስኪን፣ ባሏ መሞቱን ሳትሰማ እያስቀደሰች ነው» ብዬ ይብሱን አነባሁ። ሶስናን አቅፌ «ወንድሜ! መንገድ የበላህ!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። እግረ መንገዴን ለባለቤቴም አለቀስኩ፤ ለእናቴም አለቀስኩ፤ ዓምና ገደል የገባችብኝን ላሜንም የዘለልኳት አይመስለኝም። ሶስና ደረቴ ላይ ተለጥፋ ትንሰቀሰቃለች። አለቃቀሷ የምር ነው። እኔ ስንት ለቅሶ የዋልኩ ሴት ነኝ፤ የይስሙላ እንባ አይሸውደኝም።

ሲወጣልኝ አጠገቤ ወዳለችው ልጅ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«መኪናው የት ነው የተገለበጠው?»

«የቱ መኪና?»

«የአባቷ ነዋ!»

«አባቷማ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ደወሉ። ዛሬ ይገባሉ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

ስልኳን ዓይኔ ሥር አመጣችው። ሽበቶ ነው። ከአንዲት መልከ መልካም ልጅ ጋር ከሻይ ቤት እየወጣ ነው።

«ፍቅረኛ ያዘ፣ እምዬ» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አልሞተም?»

«አልሞተም።»

«አባቷም አልሞተም?»

«ኧረ አልሞቱም!»

እስቲ ፍረዱኝ። ሬሳ አለ ብሎ ገብቶ ሙሽራ ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል? እልልታው ሳላዝዘው ወጣ። «እልልልልልል!» ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያው ተቀብሎ መለሰው። በዚያች ቅጽበት መክሊት ንፍሮውን ይዛ ከደጅ ገባች።

«ምንድን ነው?» አለች ደንግጣ።

«ሽበቶ ሊያገባ ነው!»

«እሰይ! ይድላው!» አለችና ሳህኑን እንደያዘች ተቀበለችኝ፤ «እልልልልል!»

ሶስና ከፍራሹ ቀና አለች። እኔን አላየችኝም። ያየችው መክሊትን ነው። ተነሥታ ሄዳ ከመክሊት አንገት ላይ ባለ ኑግ አበባውን ከነክሩ አወለቀችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር አይደለሽም» አለች።

ንፍሮው ሳይቀመስ ወደ ቤት ተመለሰ። በዕድሜዬ ንፍሮ ከለቅሶ ቤት ሙሉውን ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ይሆናል፣ ሦስት ቀን ይሆናል፣ ከዚያ ይታረቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት ሆነ። አራቱ በአስፋልቱ ሲሄዱ መክሊት ጋሪ በሚቆምበት በኩል ዞራ ብቻዋን ትሄዳለች። ወንበሯ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ከጓሮ ስትጨፍር አየኋት። ጭፈራው የአምስት ሰው ነው። አንዴ ወደ ግራ ትሸሻለች፣ አንዴ ጎንበስ ትላለች፤ ለሌሉት ልጆች ቦታ እየለቀቀች። መሀል ላይ ቆመችና እጇን አውርዳ ገባች። እኔም ወጡን አሳረርኩት።

ሶስና ደግሞ እኔን ስታይ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ትደርሳለች! «ደህና አደሩ፣ እምዬ?» ትላለች። ጄሪካኔን ተቀብላ እስከ በር ታደርስልኛለች። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔም እኮ እልል ብያለሁ!» አልኳት አንድ ቀን መንገድ ላይ።

«ደህና ይዋሉ፣ እምዬ» ብላ ሄደች። ይህ መልስ ነው?

ከመፍረዴ በፊት ነገሩን ላጥራ ብዬ መክሊትን አስቀመጥኳት።

«ለመሆኑ ሌላው አገር ያለው ደጋፊ ምን አለ?»

«ብዙው ተናዷል፣ እምዬ። ፎቶውን የቀደደ አለ። የሚሠራበት ድርጅት በር ላይ የጭነት መኪና ያቆሙም አሉ።»

«ምን ጭነው?»

«ስድብ። ትልቅ ስክሪን ላይ ጽፈው። ‹ከድተኸናል› እያሉ።»

«ለስድብ የጭነት መኪና? ነዳጅ ከየት አገኙ?» አልኩ። የሶስና አባት ለነዳጅ ስንት ቀን እንደሚሰለፍ አውቃለሁ። «ልጁስ ምን አለ?»

«በእጁ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ፍቅረኛ በመያዙ።»

«አንብቢልኝ።»

እየተረጎመች አነበበችልኝ። ደንግጣችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ አሳዝኛችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ ወደፊት በርትቼ እሠራለሁ ይላል። ሁለት ጊዜ ይቅርታ! በሬ የሰረቀ ሰው ይህን ያህል አይለምንም። መክሊት እንደነገረችኝ፣ በመኪና ውስጥ ተደብቆ ሁለት ወጣቶች ሻይ ሲጠጡ ፎቶ ያነሣው ሰውዬ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። ያን ቀን ነገሩ የሁለት ልጆች ጠብ መሆኑ ቀረና የዓለም ግፍ ሆኖ ታየኝ። ዓለሙን ማቅናት ባልችል የሰፈሬን ለምን እተዋለሁ?

መጀመሪያ ወደ ሶስና እናት ሄድኩ። «ኧረ እትዬ፣ የልጆች ነገር ነው፤ ይተዉት» አለችኝ። የልጆች ነገር ተብሎ የተተወ ነገር ስንት ሠርግ እንዳበላሸ እሷ ምን ታውቃለች? በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ አያ ባይለየኝ ዘንድ ሄድኩ። አያ ባይለየኝ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነው። የድንበር ጠብ፣ የደም ነገር፣ የባልና ሚስት ክስ በሱ በኩል ሳያልፍ አይበርድም። ማሳው ዳር በርበሬ ሲያስለቅም አገኘሁት።

«ሽምግልና ፈልጌህ ነው።»

«ድንበር ነው?»

«አይደለም። ልጆች ናቸው። በዘፋኝ ተጣልተው።»

«ሂጂ እቴ! ሁለት የድንበር ጠብ ቀጥሬ ለዘፋኝ ልምጣ?»

«ዘፋኙ እኮ የኮሪያ ሰው ነው።»

ዘንቢሉን ቁጭ አደረገ። «የት አልሽ?»

«ኮሪያ።»

«አባቴ የዘመተበት ኮሪያ?»

ረስቼው ነበር። አባቱ በንጉሡ ጊዜ ኮሪያ ዘምተው፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ሜዳይ ይዘው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ብርድ ልብሱ ላይ አያ ባይለየኝ ተወልዶበታል፤ ሲናገር የዚያ አገር ግማሽ የሱ ርስት ይመስለዋል።

«እንግዲያውስ ይመለከተኛል» አለ። እግሩን ታጠበ፣ ጋቢውን ደረበ፣ በትሩን አነሣ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ለተሳፋሪው ሁሉ «ኮሪያ ላይ ችግር ተፈጥሮ ተጠርቼ ነው» ሲል መጣ። አንዱ ተሳፋሪ ተነሥቶ ወንበር ለቀቀለት።

ቅዳሜ ከጓሮዬ ማንጎ ሥር ተቀመጥን። አያ ባይለየኝ መሀል፤ በአንድ አግዳሚ ሶስና፣ እናቷና ሦስቱ ልጆች፤ በሌላው እኔና መክሊት። በርበሬዬ በዚያ ማዶ በሰሌን ተሰጥቷል።

«በሉ» አለ አያ ባይለየኝ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «መጀመሪያ የልጁ ይጣራ። ጠጉረ ነጩ የማን ልጅ ነው?»

ልጆቹ ተያዩ። «አናውቅም፣ አያ።»

«የአባቱን ስም ሳታውቁ እጣ ተጣጣላችሁበት?» እኔን አየኝ። እኔ በርበሬዬን አየሁ። «ይሁን። ልጅቷን ሲወድ ወደ አባቷ ሽማግሌ ልኳል?»

«እዚያ አገር እንዲህ አያደርጉም፣ አያ» አለች መክሊት።

«አልላከም በሉኛ! ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ለዚህ ነው፤ ደብዳቤውንም የላከው ለተሳሳተ ሰው ነው።» በትሩን መሬት ላይ መታ አደረገ። «የልጁ ነገር አለቀ። አሁን ወደናንተ። ሶስና፣ ይህን ሰው አገባዋለሁ ብለሽ ነበር?»

ሶስና ቀና አለች። «አያ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። እኔን እንደማያውቀኝ፣ እንደማያገባኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?»

ጣቶቿን አቆላለፈች። «እኔ እንጃ። ብቻ አስለቀሰኝ።»

አያ ባይለየኝ ለመሳቅ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋው። «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «መክሊት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ይህን ጥያቄ ነበር ሁለት ሳምንት ሙሉ የምጠብቀው። መክሊት እንድትናገረው ስንት ነገር አስጠንቻታለሁ! በሦስት ነጥብ ከፍዬ፣ ከነማስረጃው። እሷ ግን አንዱንም አላነሣችው።

«አያ፣ ዘጠኝ ዓመት አብረን ነበር» አለች። «አሁን ትምህርት ቤት ስሄድ ብቻዬን ነኝ። ስመለስም ብቻዬን ነኝ። ጭፈራው እንኳ...» እንባዋ አላስጨረሳትም። ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እንዲያው የልጅ ለቅሶ አይደለም፤ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ።

ሶስና አየቻት። ከዚያ ተነሥታ መጣች፣ በእኔና በመክሊት መካከል ገብታ ተቀመጠች፣ አቀፈቻትና እሷም ለቅሶዋን ለቀቀችው። ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም። ሦስቱም ቀጠሉ። እናትየዋም ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አያ ባይለየኝ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ «ይሄ በርበሬ!» አለ። ነፋሱ ግን ወደ ማዶ ነበር የሚነፍሰው።

ሲበርድላቸው ሶስና ከቦርሳዋ ባለ ኑግ አበባውን አወጣች። ክሩን አዲስ አድርጋለታለች። በመክሊት አንገት ላይ አጠለቀችው። አያ ባይለየኝ ሁላችንንም አስነሥቶ መረቀን፤ ልጆቹን፣ ሽበቶን፣ ልጅቷን፣ ጨምሮም የኮሪያን መንግሥት። «አሜን» አልን። ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ሊነሣ ሆነ።

እኔ ግን አልተነሣሁም።

«ምነው?» አለኝ አያ ባይለየኝ። «ታረቁ እኮ!»

«መታረቃቸውን አየሁ። ክሴ ግን አልተመለሰም» አልኩ። «ሶስና፣ ልጄ፣ እዚህ ነይ። እልል ማለት ጥፋት ከሆነ ጀማሪዋ እኔ ነኝ። በለቅሶሽ ላይ መጀመሪያ እልል ያልኩት እኔ፤ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ። እሷ የተቀበለችው ከእኔ ነው። እሷን አባረርሽ፤ የእኔን ጉልበት ግን በየጠዋቱ ትስሚያለሽ፣ ጄሪካኔን ትሸከሚያለሽ። አንድ ጥፋት ለሁለት ሰው ሁለት ፍርድ አለው? ወይ እኔንም አባሪኝ፣ ወይ ምክንያቱን ንገሪኝ።»

ሁሉም ወደ ሶስና ዞሩ። እሷ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችኝ።

«እርስዎማ መጀመሪያ አልቅሰውልኝ ነበር፣ እምዬ» አለችኝ።